ጫፉን ተዪውና ግርጌውን እዪ፦ ሶዳ ላይም ቀይረን ያልቆመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ጀማሪዋ

ሰላም ለቤቱ። ትናንት የገጠመኝን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። በሰመመን ሥራ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ ስድቡን ቀነስ አድርጉልኝ።

ታማሚው ትልቅ ሰው ነው፣ 70 ኪሎ ገደማ፣ የሆድ ኦፕራሲዮን። ሰርክል ሲስተም (የወጣውን ትንፋሽ አጽድቶ መልሶ የሚያዞር የቱቦ ሰርኪዩት) ላይ ነን፣ ቬንቲሌተሩ ይተነፍስለታል፣ ከማሽኑ የሚገባው አዲስ ጋዝ፣ ፍሬሽ ጋዙ፣ በደቂቃ 1 ሊትር። የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ሰላም ነበር። ከዚያ ኢንድ ታይዳሉ (በትንፋሹ መጨረሻ የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከ36 ተነስቶ 41፣ 46 እያለ መውጣት ጀመረ። እንደተማርኩት የትንፋሹን ቁጥር ጨመርኩ። ትንሽ ወረደና መልሶ ወጣ። የልብ ምቱ 78 የነበረው 96 ገባ፣ ደም ግፊቱም ተከተለው። ኦክስጅኑ ግን 99 ላይ ቁጭ ብሏል፣ ንቅንቅ የለም። ያዘናጋኝም እሱ ነው። ማደንዘዣው ሳስቶበት ይሆናል ብዬ ማደንዘዣ ጋዙን፣ ሴቮፍሉሬኑን፣ ጨመርኩ።

አለቃዬ ለሌላ ጉዳይ ብቅ አለ። ስክሪኑን አንዴ አየና «ጫፉን ተዪውና ግርጌውን እዪ» አለኝ። ሳይ፣ የካፕኖግራፉ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያው) መስመር ታማሚው አየር በሚስብበት ጊዜ ዜሮ ላይ ማረፍ ሲገባው 7 ላይ ተንጠልጥሏል። መቼ እንደተነሳ አላውቅም። ቁጥሩ ጥግ ላይ በትንንሹ ተጽፎ ነበር፣ እኔ ደግሞ ትልቁን ቁጥር ነበር የማየው።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚመጠው ጠጠር፣ ሶዳ ላይሙ፣ አልቋል ብለን ቀየርን። ምንም። ፍሬሽ ጋዙን 10 ሊትር አድርገን ከፈትነው፣ ወደ 5 ወረደና እዚያው ቆመ። በመጨረሻ የማስወጫ ቫልቩን ጉልላት ስናይ ዲስኩ ውሃ አዝሎ በአንድ ጎኑ ብድግ እንዳለ ቀርቷል፣ አይዘጋም። ታማሚውን በደም ሥር መድኃኒት አስተኝተን፣ በእጅ በሚጨመቅ አምቡ ባግ እየተነፈስንለት ዲስኩን አድርቀን መለስነው። ግርጌው ወረደ። ታማሚው በሰላም ነቅቷል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ጋዙን ያን ያህል ከፍተን ለምን አልጠራም? ደግሞስ የወጣ ትንፋሽን መልሶ መሳብ እንዲህ ጠንቀኛ ከሆነ፣ ለምንድነው ሆን ብለን መልሶ የሚያስተነፍስ ሰርኪዩት የምንጠቀመው?

ሌሊት ተረኛ

እንኳን ታማሚው ደህና ሆነ። ሶዳ ላይሙን መቀየራችሁ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አየር እንዴት እንደሚዞር አስቢው። ሰርክል ላይ ሁለት የአንድ አቅጣጫ ቫልቮች አሉ። ታማሚው ሲስብ የመሳቢያው ይከፈታል፣ የማስወጫው ይዘጋል። ሲያወጣ ይገለበጣል። በዚህ ምክንያት የወጣው ትንፋሽ ዞሮ በሶዳ ላይሙ ውስጥ ሳያልፍ ወደ ታማሚው የሚመለስበት መንገድ የለውም። የማስወጫው ቫልቭ ካልተዘጋ ግን ታማሚው ሲስብ ከሁለቱም ቱቦ ይስባል። በማስወጫው ቱቦ ውስጥ ያለው ደግሞ አሁን የወጣው፣ ካኒስተሩ (የሶዳ ላይሙ ዕቃ) ጋ ገና ያልደረሰው ትንፋሽ ነው። አዲስ ሶዳ ላይም ብታደርጊ፣ ሦስት ካኒስተር ብትደረድሪ፣ ያላለፈበትን ጋዝ አያጸዳም።

ፍሬሽ ጋዙም የሚገባው በመሳቢያው በኩል ነው። ሶዳ ላይሙ አልቆ ቢሆን ኖሮ 10 ሊትሩ የቆሸሸውን ጋዝ ገፍቶ ያስወጣው ነበር፤ ፍሰቱ ታማሚው በደቂቃ ከሚተነፍሰው ሲበልጥ መልሶ የሚሳብ ነገር እምብዛም አይተርፍም። ስለዚህ ሲያጋጥምሽ መጀመሪያ ካኒስተሩን አትፍቺ። ፍሰቱን ክፈቺና ግርጌውን እዪ። ዜሮ ከገባ ሶዳ ላይሙ ነው። ካልገባ ቫልቭ ነው። አንድ ጠምዛዣ ነው የምታዞሪው፣ አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ባለ ካፕኖ

ሌሊት ተረኛ የጻፈው ልክ ነው፣ ግን የመሳቢያው ቫልቭ ሲበላሽ ተንኮለኛ መሆኑን እኔ ልጨምር። ታማሚው ሲያወጣ ትንፋሹ ወደ መሳቢያው ቱቦም ይገባል። ቀጥሎ ሲስብ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ነው፣ ከዚያ ንጹሑ ይከተላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ምንድነው? መስመሩ ቀጥ ብሎ መውረድ ሲገባው ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ሜዳው (የመስመሩ ላይኛ ጠፍጣፋ ክፍል) የረዘመ ይመስላል፣ መጨረሻ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዜሮውን ይነካል። ማሽኑም የመሳቢያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዜሮ ብሎ ይጽፍልሻል። ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው እዚህ ጋ ተሸወደ ማለት ነው። ቅርጹን ማየት ያስፈልጋል።

ኦክስጅኑ 99 መሆኑ አይግረምሽ። የምትሰጪው ኦክስጅን እስካልጎደለ ድረስ ኦክሲሜትሩ (የደም ኦክስጅን መለኪያው) ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነግርሽ ነገር የለም። የልብ ምትና ግፊት ሲጨምር፣ ታማሚው ሲያልበው፣ ያኔ ነው ሰውነት የሚናገረው። ያም ሁሌም ዘግይቶ ነው። አንቺ ደግሞ ሰውነቱ የተናገረውን «ነቃብኝ» ብለሽ ተረጎምሽው። ሁላችንም አድርገነዋል።

ድሮው ይሻላል

ይሄ ሁሉ ጣጣ የሚመጣው ከዝቅተኛ ፍሰት ነው። እኔ 6 ሊትር እከፍታለሁ፣ ታማሚዬ ንጹሕ ጋዝ ይስባል፣ በቃ። የሰው ትንፋሽ መልሶ ለሰው መስጠት ደስ አይለኝም። ሳይንሱ ምንም ይበል።

ጡረታ የቀረበው

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። «ድሮው ይሻላል» ያለውም ወንድሜ መልስ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ድሮውን እኔ ነበርኩበት።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። መልሶ መተንፈስ ማለት የወጣን ጋዝ እንደገና መሳብ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሳብ ማለት አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር ቢስብ፣ 150 ያህሉ ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ ሳንባው ጥግ ሳይደርስ ይመለሳል። ዴድ ስፔስ የምንለው ነው። ሲያወጣ መጀመሪያ የሚወጣውም ይኸው ነው። ሞቋል፣ ረጥቧል፣ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለበትም። ይህን መልሶ ቢስበው ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ከአልቪዮላይ (ከሳንባው ጥግ የአየር ከረጢቶች) የሚወጣው ነው።

የድሮዎቹ ሰርኪዩቶች ጥበብ በሙሉ ሁለቱን መለየት ነበር። ማፕልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 በፊደል ከኤ እስከ ኢ ሲመድባቸው፣ ሰውየው የፊዚክስ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም። ቱቦው ውስጥ የትኛው ጋዝ የት ጋ እንደሚቆም በስሌት ተከታትሎ ነው የሠራው። ኤ የሚባለውን፣ ማጊል የምንለውን ውሰዱ። ባጉ (ጋዝ የሚይዘው ፊኛ) ማሽኑ ጋ ነው፣ መልቀቂያ ቫልቩ ታማሚው አፍ ጋ። ታማሚው በራሱ ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚወጣው ንጹሑ ጋዝ ወደ ባጉ ይሄዳል፣ ከማሽን የሚመጣው ፍሬሽ ጋዝ ይገፋዋል፣ ባጉ ይሞላል፣ ግፊቱ ይነሳል፣ ቫልቩ ይከፈታል። ልክ በዚያን ጊዜ ቫልቩ ጋ የደረሰው ማነው? የአልቪዮላዩ። እሱ ይባረራል፣ ንጹሑ ይቀራል። ስለዚህ በኪሎ በደቂቃ 70 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለ70 ኪሎ ሰው 5 ሊትር ገደማ ይበቃል።

ያንኑ ሰርኪዩት ይዘህ በእጅህ ባጉን ስትጨምቅለት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቫልቩ የሚከፈተው ስትጨምቅ ነው፣ ስለዚህ የምታባርረው ፍሬሽ ጋዝህን ነው፣ የምታስቀረው የወጣውን። ያኔ የደቂቃ ትንፋሹን ሁለት ሦስት እጥፍ መክፈት አለብህ። ዲ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ለሚተነፈስለት ቆጣቢ፣ በራሱ ለሚተነፍስ አባካኝ። «ኤ ለራሱ፣ ዲ ለሌላው» እያልን ነበር የምንሸመድደው።

ጀማሪዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ሦስት ጊዜ ተፈትኜበት ዛሬ ነው የገባኝ።

ተማሪ ነኝ

ጋሼ፣ ቤን ሰርኪዩት (ፍሬሽ ጋዙ በውስጠኛ ቱቦ የሚመጣበት የዲ ዓይነት) ላይ ለሚተነፈስለት ሰው በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ይበቃል ይላሉ። ግን በዚያ ፍሰት መልሶ መተንፈስ አለ አይደል? የደቂቃ ትንፋሹን ከዚያ በላይ ነው የምናደርገው። ታዲያ የታማሚው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለምን አይጨምርም?

ጡረታ የቀረበው

አለ እንጂ! ግርጌውም ከዜሮ ከፍ ሊል ይችላል፣ ማንም ግን አይደነግጥም። ትንፋሹን ስላበዛህለት ሳንባው ይታጠባል፣ የሚወጣውን መጠን የሚወስነው ግን ፍሬሽ ጋዙ ነው። ትንፋሹን ከዚያም በላይ ብትጨምር ብዙ አይወርድም፣ ያንኑ ጋዝ ነው የምታመላልሰው። መልሶ መተንፈስ በራሱ በሽታ አይደለም ስል ይሄን ማለቴ ነው። ሆን ብለህ፣ መጠኑን አውቀህ ከሆነ መሣሪያ ነው። ሳታውቀው ከሆነ ነው ጉዱ።

ሰርክሉ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። ከሱ በፊት የዋተርስ ካኒስተር የሚባለው ታማሚው ፊት ጋ ነበር የሚቀመጠው። ትንፋሹ በአንዱ መንገድ ወጥቶ በዚያው ይመለሳል፣ ቫልቭ የለም። ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ አቧራው ወደ ታማሚው ይመጣል። ስዎርድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 ሁለት ቫልቭ ጨምሮ ጋዙን በክብ አዞረው። ካኒስተሩ ከፊት ራቀ። ቱቦው ቢረዝምም ዴድ ስፔስ አልሆነም፣ ዴድ ስፔሱ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ዋይ ጋ ያበቃል። ይሄ ሁሉ ግን በሁለት ስስ ዲስክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያንቺ ታሪክ እሱ ነው ልጄ። አንዱ ዲስክ ካልተዘጋ ያ ረጅም ቱቦ በሙሉ ዴድ ስፔስ ይሆናል።

ሌሊት ተረኛ

ለድሮው ይሻላል፦ 6 ሊትር ስትከፍት ታማሚህ የሚስበው ደረቅና ቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ሰውነቱ በደቂቃ የሚፈጀው ኦክስጅን 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሌላው ከነሴቮፍሉሬኑ በመልቀቂያው ይወጣል። አንዳንዱ ክፍል የተለቀቀውን ጋዝ ከክፍሉ የሚያስወጣው መሣሪያ በደንብ ስለማይሠራ የምትስበው አንተው ነህ። ማታ ራስህን ሲያምህ ሻይ አትክሰስ።

ደግሞ ከፍተኛ ፍሰት ሶዳ ላይሙን ያደርቀዋል። ዓርብ ማታ ኦክስጅኑን ሳይዘጋ የሄደ ሰው ካለ፣ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ታማሚ ላይ ነው የሚወጣው። በደረቀ ሶዳ ላይም ላይ ሌላው ማደንዘዣ ጋዝ፣ ዴስፍሉሬን፣ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። እሱን ደግሞ ተራ ኦክሲሜትር አይለየውም፣ ኦክስጅን ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ኦክስጅኑ ክፍት ሆኖ ያደረ ማሽን ካገኘህ ሶዳ ላይሙን ሳታቅማማ ጣለው።

ድሮው ይሻላል

እሺ ደረቁንና ብክነቱን ተቀበልኩ። ግን ካፕኖግራፍ የሌለበት ቦታ ሠርተህ ታውቃለህ? እዚያም 1 ሊትር ትላለህ?

ሌሊት ተረኛ

አልልም። እዚያ ካንተ ጋር ነኝ። ጋዙን የሚያሳየኝ ነገር ከሌለ ዝቅተኛ ፍሰት አልጀምርም። የሶዳ ላይሙን ቀለም አምኜማ በፍጹም።

የማሽን ጥገና

ቀለም ካነሳችሁ አይቀር። እኔ ባዮሜዲካል ነኝ፣ ታማሚ አላይም፣ የእናንተን ማሽን ግን ከእናንተ በላይ አየዋለሁ።

ነጩ ወይን ጠጅ ሲሆን አለቀ ማለት ነው፣ እዚህ ላይ እንስማማለን። ችግሩ ቀለሙ ይመለሳል። ሥራ አብቅቶ ካኒስተሩ ሲያርፍ ወይን ጠጁ ይደበዝዛል፣ ጠዋት ስትገቡ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አዲስ ይመስላል። ሥራ ሲጀምር ግን ብዙ ሳይቆይ ይከዳችኋል። የአምፖል ብርሃንም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ጋዙ ደግሞ ሰነፍ ነው፣ ጠጠሮቹ በደንብ ካልተሞሉ ቀላሉን መንገድ መርጦ በአንድ በኩል ይሾልካል፣ እናንተ በውጭ በኩል የምታዩት ነጭ ምንም አልሠራም ማለት ነው። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ፕላስተር ለጥፋችሁ የተቀየረበትን ቀን ጻፉ። ስንት ጊዜ ለመንኩ መሰላችሁ።

ወደ ቫልቩ ስመጣ፣ ጠዋት ማሽኑ ራሱን ፈትሾ «አለፈ» ሲላችሁ የፈተሸው ጋዝ መፍሰሱን ነው። ዲስኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሥራቱን ላያየው ይችላል። የማይዘጋ ቫልቭ ወደ ውጭ አያፈስም እኮ። ስለዚህ በሳንባችሁ ፈትሹት። ማደንዘዣውን የሚያተንነው ቬፖራይዘር መዘጋቱን አረጋግጡ፣ ንጹሕ ቱቦ ያዙ፣ ሁለቱን በየተራ አፋችሁ ላይ አድርጉ። ከመሳቢያው መሳብ አለባችሁ፣ ወደ እሱ መተንፈስ ግን እምቢ ማለት አለበት። ከማስወጫው ተቃራኒው። ከዚያ በጉልላቱ በኩል ዲስኮቹ ሲደንሱ እዩ። አንዱ ከሰነፈ ታዩታላችሁ።

ጀማሪዋ፣ ዲስኩን አድርቀን መለስነው ብለሻል። ጥሩ። ግን ለምን አንድ ጎኑ ብቻ ተነሳ? ውሃ ብዙ ጊዜ ዲስክን ያጣብቃል፣ ያዘገያል። በአንድ ጎን ብድግ ብሎ የሚቀር ከሆነ ጠርዙን እዪው።

የልጆች ክፍል

ሁላችሁም ስለ ቫልቭ ታወራላችሁ፣ የኔ ታማሚዎች ግን ቫልቭ ሳይበላሽም ትንፋሻቸውን መልሰው ይስባሉ። 6 ኪሎ ሕፃን በአንድ ትንፋሽ የሚስበው 40 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ባለፈው አንድ ሰው በችኮላ የትልቅ ሰው ፊልተርና ያንን ተጣጣፊ ማገናኛ ገጥሞ አገኘሁት። ፊልተሩ ብቻ ከ50 በላይ ይይዛል። ሕፃኑ እኮ የሚመላለስለት የፊልተሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፣ ሳንባው ጋ የሚደርስ አዲስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁለቱንም ነቅዬ የሕፃን ፊልተር አደረግሁ፣ ኢንድ ታይዳሉ ዓይኔ እያየ ወረደ። ማሽኑ ምንም አልነበረበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሕፃን በፍጥነት ሲተነፍስ ካፕኖግራፉ ናሙና ሳብ አድርጎ እስኪለካ ትንፋሾቹ ይደባለቁበታል። ጫፉን አሳንሶ፣ ግርጌውን አንስቶ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ላይ ግርጌው ከተነሳ ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት ትንፋሹን ቆጠብ አድርጋችሁ እዩት። ከወረደ መለኪያው ነው የዋሸው።

ባለ ካፕኖ

የቤን ሰርኪዩት የምትጠቀሙ ደግሞ የውስጡን ቱቦ ፈትሹ። ማሽኑ ጋ ከተነቀለ ፍሬሽ ጋዙ ታማሚው አፍ ድረስ አይደርስም፣ ያ ረጅም ቱቦ በሙሉ ዴድ ስፔስ ሆነ። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይታይም። በመርፌ ሲሪንጅ መግፊያ የውስጡን ቱቦ ጫፍ ለአፍታ ድፍን ማድረግ ነው። የፍሰት መለኪያው ተንሳፋፊ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ንቅንቅ ካላለ ጋዙ በሌላ በኩል እየወጣ ነው።

ደግሞ በዚህ ውይይት ያልተነሳ አንድ ነገር አለ፣ እሱ ካልተባለ ሰው ይሞትብናል። ጫፉ እየወጣ ግርጌው ዜሮ ላይ ከሆነ ሰርኪዩቱን ተዉት። ታማሚው ራሱ ነው የሚያመርተው ወይም በበቂ አልተነፈሰም። ትንፋሹን ጨምራችሁም ሽቅብ ከሄደ፣ ጡንቻው ከገተረ፣ ካኒስተሩ እጅ የሚያቃጥል ከሆነና ቀለሙ በፍጥነት ከተለወጠ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ (በማደንዘዣ ጋዝ የሚቀሰቀስ ገዳይ ትኩሳት) ነው የምታስቡት። ሴቮፍሉሬኑ ይዘጋል፣ ሰው ይጠራል፣ መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ይመጣል። ሶዳ ላይሙን ከጨረሰው በኋላማ ግርጌውም ይነሳል፣ ያኔ «ካኒስተሩ ነው» ብሎ ደቂቃ የሚያባክን ሰው አይጠፋም።

ጀማሪዋ

የልጆች ክፍል ያልሽውን አንብቤ ሄጄ መደርደሪያችንን አየሁት። የሕፃንና የትልቅ ሰው ፊልተር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ለየሁት።

ዛሬ ጠዋት የማሽን ጥገና እንዳለው በየተራ ተነፈስኩባቸው። በመሳቢያው በኩል እፍ ብል እምቢ አለኝ። በማስወጫው በኩል ስስብ ግን መጣልኝ! ቀጭን ነው፣ ግን መጣ። ትናንት አድርቀነው የወረደው ግርጌ ለካ ዜሮ አልገባም ነበር፣ ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሼ ሳይ 2 ላይ ነው የቆመው። ማሽኑን አስወጥቼ በሌላ ሠራሁ። ዲስኩን ለጥገና ክፍላችን ሰጠሁት።

የማሽን ጥገና

ጎበዝ። ምን አሉሽ?

ጀማሪዋ

የጥገና ክፍላችን ሰው መስኮት ጋ ወስዶ በብርሃን አሳየኝ። ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ውሃ ሲይዝ በእሷ በኩል ይጎብጣል። በአዲስ ቀይሮልኝ እንደገና ሳብኩበት፣ ምንም አልመጣም።